አንድ ስም የጎደለው ምሳ

ይህ ከሆነ ስድስት ዓመት አልፎታል። የጥቅምት ቅዳሜ ነበር። ለእህቴ ቀሚስ ልንገዛ፣ ምሳም ከተማ ልንበላ፣ አራታችን ተያይዘን ሰቆጣ የወጣንበት ቀን ነው። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አራታችን ለደስታ ብለን ብቻ አንድ ላይ ከቤት ወጥተን አናውቅም። ቀኑ ከአእምሮዬ የማይጠፋው ግን በቀሚሱ ምክንያት አይደለም። በዚያ ምሳ ላይ አፌን ከፍቼ አንድ ስም ስለተናገርኩ ነው። የሰዎቹን ስም ቀይሬዋለሁ፤ የቀረው እንደሆነው ነው።

ያን ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከአሥረኛ ክፍል በኋላ ትምህርቴ ተቋርጦ ቤት ተቀምጫለሁ። ተቀምጫለሁ ልበል እንጂ መቀመጥ አልችልም ነበር። ግጥም እጽፋለሁ። የሚያስተምረኝ ሰው ስላልነበረ ልቅሶ ባለበት ሁሉ እሄድና አልቃሾቹ የሚያወርዱትን ሙሾ በደብተሬ እገለብጣለሁ። ከእነርሱ የሚበልጥ ገጣሚ በአገራችን አላየሁም። እናቴ "ይህ ልጅ ሰው ሲሞት ሥራ ያገኛል" እያለች ትቀልድብኝ ነበር።

አባቴ ቄስ ናቸው። ከሰቆጣ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ በምትርቀው መንደራችን ያለውን ደብር ያገለግላሉ። እህቴ ትርንጎ ታላቄ ናት። በዚያ ዓመት ሲሳይ የሚባል አስተማሪ ሽማግሌ ልኮባት ነበር። ሲሳይ የደሃና ሰው ነው፤ የሚያስተምረው ግን በእኛ መንደር ትምህርት ቤት ነው። ትርንጎ "እወደዋለሁ" ብላ አልተናገረችም፤ በእኛ ቤት እንዲህ ያለ ቃል አይወጣም። ነገር ግን ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ በትምህርት ቤቱ በኩል የሚዞረውን ረጅሙን መንገድ መያዝ ከጀመረች ዓመት ሊሆናት ነበር። ይህን ያየሁት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ አይቼም ዝም ብያለሁ።

ሽማግሌዎቹ ሲመጡ አባቴ መጀመሪያ የጠየቁት ዘሩን ነው። በእኛ አገር ሰባት ቤት ሳይሞላ ጋብቻ የለም። ከወንዱ እስከ ጋራ አያት፣ ከሴቲቱም እስከ ጋራ አያት፣ በሁለቱም ወገን ሰባት ሰባት ስም መቆጠር አለበት። በአንዱ ወገን አንድ ስም ቢጎድል እንኳ እህትና ወንድም ናቸው ይባላል፤ ነገሩም እዚያው ላይ ያበቃል። ለሌላው ሰው ይህ ልማድ ነው። ለቄስ ግን ክህነቱ ነው፤ የራሱ ልጅ ስትሆን ደግሞ አገር ሁሉ ያየዋል።

ሽማግሌዎቹ የሲሳይን የአባቱን ወገን ሙሉ፣ የእናቱን ወገን ግን የሚያስቆጥረው ሰው ታሞ ስለነበር ላይ ላዩን ቆጠሩ። አባቴም የራሳቸውን ቆጠሩ። የሚገናኝ ስም ጠፋ። እውነቱን ለመናገር አባቴ ከራሳቸው ጀምረው የሚያውቁት አራት ስም ብቻ ነበር። ገና በልጅነታቸው ለቆሎ ተማሪነት ወጥተው፣ ሰው ሆነው ሲመለሱ ዘር የሚያስቆጥራቸው ሽማግሌ በሕይወት አልቆያቸውም። ቢሆንም "በዘር አልደረስንም፤ ደግ ነው" አሉ። ቃል የሚሰጥበት ቀን ለኅዳር መጀመሪያ ተቆረጠ። ቀሚሱ ለዚያ ቀን ነው።

በማለዳ ተነሳን። ገብሱ ቢጫ ሆኖ ገና አልታጨደም፤ ነፋስ ሲነካው ተረተሩ ሁሉ ተኝቶ እንደሚተነፍስ ሰው ቀስ እያለ ከፍ ዝቅ ይላል። ጉሙ ከሸለቆው አልተነሣም። እኛ ከላይ በፀሐይ ስንሄድ ከታች የሰው ድምፅ ይሰማል፤ ሰው ግን አይታይም። አባቴ ጋቢያቸውን አጣፍተው ከፊት፣ እናቴ ከኋላቸው፣ ትርንጎ ጫማዋ እንዳይቆሽሽ በእጇ አንጠልጥላ፣ እኔ ከሁሉም ኋላ። ማንም ብዙ አልተናገረም። ዝም ብሎ መሄድ እንደዚያ ቀን ጣፍጦኝ አያውቅም። ህልም ውስጥ ያለሁ መስሎኝ፣ ኮቴዬ እንዳይቀሰቅሰኝ በቀስታ እራመድ ነበር።

"ዛሬ እንኳ ያን ደብተር ቤት ብትተወው ምን ነበር?" አለች እናቴ ዞር ብላ። "ቀሚስ ሲገዛ ምን ይጻፋል?"

"ተይው፤ የቀሚሱን ሙሾ ያወጣለታል" አለች ትርንጎ። አባቴ ከፊት ሆነው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ሲስቁ እንዳናያቸው ወደ ኋላ አይዞሩም።

ከተማ ስንደርስ ትርንጎ ጫማዋን አደረገች፤ አረማመዷም ወዲያው ተለወጠ። ልብስ የሚሸጠው ሰው ሱቁን በረንዳው ድረስ አውጥቶታል። ቀሚሶቹ ከጣሪያው ክፈፍ ተሰቅለው ነፋስ ሲመጣ እንደ ሴቶች ጎን ለጎን ይወዛወዛሉ። አንዱ የእሳት ቀለም፣ አንዱ የእንቁላል አስኳል፣ አንዱ የአደይ። ከታች ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን ተክሎ ተቀምጧል፤ የቀሚሶቹ ጥላ ፊቱ ላይ ሲመላለስ ዐይኑን ሳያነሳ ይሰፋል። ቀለሞቹን ሳይ ደብተሬን ማውጣት አሰኝቶኝ ነበር፤ እናቴን ፈርቼ ተውኩት።

እናቴ ጥልፍ ያለበትን ነጭ ቀሚስ ያዘች። ትርንጎ ግን ከኋላ የተሰቀለ አንድ ቀሚስ ፊት ቆማ ቀረች። ሰማያዊ ነው፤ ታች ጠርዙ አካባቢ ትንንሽ ነጭ አበባ ተበትኖበታል። አልነካችውም። ዝም ብላ አየችው።

"ይህ የከተማ ልብስ ነው" አለች እናቴ።

"አስተማሪ የሚያገባ ሰው ከተማ መግባቱ አይቀርም" አለ ባለሱቁ። ማን እንደነገረው አላውቅም፤ ትርንጎ አንገቷን ደፋች። እናቴ አባቴን አየች። አባቴ የጨርቁን ጫፍ በሁለት ጣታቸው ያዝ አድርገው "ሰማዩን ቆርጠው ነው እንዴ የሰፉት?" አሉ። በእኛ ቤት ይህ ፈቃድ ማለት ነው።

ቀሚሱ ግን ረጅም ነበር፤ መሬት ይጠርጋል። ልብስ ሰፊው በቁመቷ ለካና አንድ ስንዝር ያህል በጠመኔ ምልክት አደረገ።

"ሂዱና ምሳችሁን ብሉ። ስትመለሱ ቆርጬ፣ አጥፌ፣ ተኩሼ ትወስዱታላችሁ። ግን አስቡበት፤ መቀስ ካረፈበት በኋላ መመለስ የለም" አለ ባለሱቁ።

"ምኑን እንመልሰዋለን" አለች እናቴ።

አባቴ ምግብ ቤት ገብተው በልተው አያውቁም። በሩ ላይ ሲደርሱ እንደ ቤተ ክርስቲያን ጫማቸውን ሊያወልቁ ጎንበስ ብለው ነበር፤ ትርንጎ በክርናቸው ያዘቻቸው። ምግቡ ሲመጣ ለመባረክ ተነሡ። ቤቱን የሞላው ሰው፣ ጉርሻውን አፉ ያደረሰውም ሳይቀር፣ ተነሥቶ ቆመ። አባቴ አሳጥረው መባረክ አይችሉም። ጥብሱ በረደ። ከጥግ አንድ ሰው "አባታችን፣ ለሚመጣው ሳምንትም ባረኩልን" ብሎ ተቀመጠ፤ ቤቱ በሙሉ ሳቀ፤ አባቴም ሳቁ።

ገና መብላት ስንጀምር አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ገቡ። ቦታ አልነበረም። የቤቱ ባለቤት በአገሩ ቋንቋ በኽምጣንጋ አነጋገረቻቸውና ወደ እኛ መጣች።

"አባቴ፣ እኒህ ሰው ከሩቅ ነው የመጡት። አብረዋችሁ ቢቀመጡስ?"

"ገበታ ይሰፋል እንጂ አይጠብም" አሉ አባቴ ቦታ እየለቀቁ።

ሽማግሌው የአባቴን መስቀል ተሳልመው ተቀመጡ፤ እጃቸውን ታጥበው ከእኛው ትሪ መብላት ጀመሩ። ቀጭን ናቸው፤ ፊታቸው ላይ ከአፋቸው ቀድሞ ዐይናቸው ይስቃል። ትርንጎን አይተው "ይህች ልጅ አትበላም እንዴ? ቀሚስ ሊገዛ የመጣ ሰው ካልበላ ቀሚሱ ይሰፋዋል" አሉ። ቀሚስ ልንገዛ መምጣታችንን እንዴት እንዳወቁ ስንጠይቃቸው "ሴት ልጅ ይዛችሁ በጥቅምት ከተማ የወጣችሁ ጤፍ ልትገዙ ነው?" አሉን። አጎረሷት። ደገሙ። ሦስተኛውን "ሁለት ጉርሻ ያጣላል" ብለው ጨመሩ። ትርንጎ አፏን በእጇ ከልላ እየሳቀች ተቀበለች።

ከዚያ ነገሩ የሚጀመርበት ጥያቄ መጣ። አገራችን ውስጥ ሁለት ትልልቅ ሰዎች አብረው በልተው ይህን ሳይጠያየቁ አይነሡም።

"አገርዎ ወዴት ነው?" አሉ አባቴ፣ የእኛን መንደር ነግረዋቸው።

"ደሃና። ረዳ እባላለሁ።"

"አያ ረዳ፣ ደሃና የማን ወገን ነዎት?"

"የካሱ ልጅ ነኝ። አሥራ አንድ ልጅ ያሳደገ ሰው ነው፤ እኔ የመጨረሻው ነኝ። ካሱ ንጋቱ፣ ንጋቱ ቢራራ። ቢራራ ከእኛ በፊት እናንተ ወዳላችሁበት ወርዶ ይኖር ነበር ይባላል።"

አባቴ ቢራራ የሚለውን ስም ሲሰሙ እጃቸውን ከትሪው አነሡ። "ቢራራ የሚባል ከእኛም አለ ሲባል ሰምቻለሁ። ግን አያይዤ ልቆጥረው አልችልም። እኔ ፈንታ ገብሩ፣ ገብሩ ዋሴ፣ ዋሴ ኪዳኑ... ኪዳኑ የማን እንደሆነ የሚነግረኝ አጣሁ።"

 ሊጠፋ የደረሰ ነገር በመካከላቸው የተቀመጠ ይመስል ነበር። የኪዳኑን አባት እኔ አውቀዋለሁ። ያለፈው ዓመት በአባቴ አክስት ልቅሶ ላይ አንዲት ሴት ያወረደችው ሙሾ ደብተሬ ውስጥ ነበር።  ማንም ምንም ጠይቆኝ በማያውቅበት ቤት የምመልሰው ነገር አገኘሁ። ደብተሩን አውጥቼ እንዲያውም ሳልገልጠው በቃሌ አልኩት፦

የተድላ ቢራራ፣ የኪዳኑ የልጅ ልጅ፣
ተዘጋ ወይ ዛሬ፣ ያ የማይዘጋው ደጅ።

"በገበታ ላይ ሙሾ?" ብላ እናቴ ጭኔን ቆነጠጠችኝ።

"ቆይ፣ ቆይ!" አሉ አባቴ። "ኪዳኑ ተድላ፣ ተድላ ቢራራ። አየህ፣ አገኘኸው!" ሽማግሌው ተነሡ፤ አባቴም ተነሡ። በትሪው ላይ ተቃቅፈው ተሳሳሙ። "ዘመድ!" ይላሉ አያ ረዳ፤ "ዘመድ!" ይላሉ አባቴ። የቤቱ ባለቤት እልል አለች። አባቴ በእጃቸው ጀርባ ዐይናቸውን ሲጠርጉ አየሁ። ልጅነታቸውን በሰው ደጅ እየለመኑ የተማሩ ሰው ናቸው፤ ዘመድ ማግኘት ለእርሳቸው ምን እንደሆነ ያን ቀን ነው የገባኝ። እኔም ደረቴ ተነፍቶ ነበር። ደብተሬ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ጠቀመ ብዬ አሰብኩ።

ተቀመጡ። አያ ረዳ ደስታው እያንደረደራቸው የመጡበትን ነገር አነሡ።

"እዚህ የመጣሁት ለመድኃኒት ነው። ነገ ግን ወደ እናንተ ወደ ታች ልወርድ ነው። የልጄ የብርነሽ ልጅ እዚያ ያስተምራል። ሚስት አጭተውለታል። ሽማግሌ ሲላክ እኔ ታምሜ ተኝቼ ነበርና ያለ እኔ ጨረሱት። የቄስ ልጅ ናት አሉኝ። ሳልሞት ልያት ብዬ ነው።"

መጀመሪያ ያየሁት የትርንጎን እጅ ነው። የጠቀለለችው እንጀራ አፏ ሳይደርስ ቆመ።

"አስተማሪው ማን ይባላል?" አሉ አባቴ። ድምፃቸው ዝቅ ብሏል።

"ሲሳይ።"

ነገሩ ለአያ ረዳ ወዲያው ገባቸው። የአባቴን መስቀል አዩ፤ ትርንጎን አዩ። ትርንጎ ነጠላዋን ጎትታ ፊቷን ሸፈነች። ባሏ ሊሆን ካለው ሰው አያት ፊት ተቀምጣ መብላቷ ብቻ አንድ ነውር ነበር፤ ከእጃቸው ሦስት ጊዜ ጎርሳለች። በሌላ ቀን ቢሆን ይህ እስከ ዛሬ የምንስቅበት ነገር ይሆን ነበር።

አባቴ በጣታቸው አንጓ መቁጠር ጀመሩ። በዓላት የሚቆጥሩት እንደዚያ ነው። "ትርንጎ፣ ፈንታ፣ ገብሩ፣ ዋሴ፣ ኪዳኑ፣ ተድላ፣ ቢራራ። በእኛ በኩል ሰባት።" ወደ ሌላው እጃቸው ተሻገሩ። "ሲሳይ፣ ብርነሽ፣ ረዳ፣ ካሱ፣ ንጋቱ፣ ቢራራ።" አውራ ጣታቸው ስድስተኛው አንጓ ላይ ቆመ። ደግመው ቆጠሩ። እዚያው ቆመ።

 ከመንገድ የሰው ጫጫታ ይሰማ ነበር፤ ከሩቅ፣ ከውሃ ሥር እንደሚመጣ ድምፅ ሆኖ። ያን ስም ባልናገር ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር። አባቴ ባላወቁት ነገር አይጠየቁም፤ ትርንጎም ቀሚሷን ለብሳ ቃሏን ትሰጥ ነበር። አሁን ግን አባቴ አውቀዋል፤ ያወቁትንም መልሰው ማጣት አይችሉም። የእህቴን ትዳር በሁለት መስመር ሙሾ አፈረስኩት። እህቴ ከነጠላዋ ሥር አላለቀሰችም፤ ባለቀሰች ይሻለኝ ነበር።

እናቴ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለች። "ተነሥና ሩጥ። ልብስ ሰፊውን መቀስ እንዳያሳርፍ በለው።"

ተነሣሁ።  በሩ ጋ ስደርስ የአያ ረዳ ድምፅ ከኋላዬ መጣ።

"ልጄ፣ ቆይ። ቄስ ፈንታ፣ የእኛን በኩል አጉድለው ቆጠሩት።"

ዞርኩ። ሽማግሌው አባቴን ሳይሆን ትርንጎ እጅ ላይ ያለውን፣ ያልተበላውን ጥቅል እንጀራ ነበር የሚያዩት።

"ካሱ አባቴ ነው የምለው ስላሳደገኝ ነው። አያቴ ነው። የወለደኝ የካሱ ልጅ ነበር፤ ጡት ሳልተው ሞተ። አያት ያሳደገው ልጅ በአያቱ ስም ሲጠራ አዲስ አይደለም። በረዳና በካሱ መካከል አንድ ሰው አለ።"

"ሽማግሌዎቹ ይህን አልነገሩኝም" አሉ አባቴ።

"ከየት ያውቁታል? ብርነሽ ራሷ የምታውቀው ካሱን ነው። እኔም የማላስታውሰውን ሰው ምን ብዬ አወራለሁ?"

አባቴ መስቀላቸውን አንሥተው በእጃቸው ያዙ። ከዚያ "አያ ረዳ፣ እኔ ቄስ ነኝ። ለልጄ ብዬ የምዘለው ስም የለኝም" አሉ።

"አውቃለሁ። እኔም ዝለሉ አላልኩም፤ ቁጠሩ ነው ያልኩ።"

"የክርስትና ስማቸው ማን ነው?"

ይህን ጥያቄ ቄስ ብቻ ነው የሚጠይቀው። ሰው በመንደር የሚጠራበት ስም ሌላ ነው፤ በጸሎት የሚነሣበት ሌላ። አያ ረዳ ወዲያው አልመለሱም። ውሃ ጠጡ፤ ብርጭቆውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። ከበሩ ሆኜ አየሁት፤ ከመቁጠርም ከማስታወስም የረዘመ ዝምታ ነበር። አሥራ አንድ ልጅ፣ የመጨረሻው እኔ ነኝ ያሉት ቃል ጆሮዬ ላይ ነበር። በዚያ ቀን ለሁለተኛ ጊዜ የምናገረው ነገር ነበረኝ። አፌን ዘጋሁ።

"ገብረ መድኅን" አሉ።

አባቴ አንጓቸውን ከመጀመሪያው ጀመሩ። "ሲሳይ፣ ብርነሽ፣ ረዳ፣ ገብረ መድኅን፣ ካሱ፣ ንጋቱ፣ ቢራራ።" እጃቸውን አዩት፤ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ረጅም ጊዜ አዩት። "ሰባት" አሉ። ከዚያ እምብዛም በማይሰማ ድምፅ ጨመሩ፤ "ከዛሬ ጀምሮ በጸሎት አነሣቸዋለሁ።"

"እግዜር ይስጥልኝ" አሉ አያ ረዳ። ወደ ትርንጎም ዞሩና "አሁን ያዝሽውን ጉረሺ። ሦስቱን ከጎረስሽ በኋላ እኔን ማፈር ረፍዷል" አሏት። ከነጠላዋ ሥር ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ሳቅም ልቅሶም ነበር።

እናቴ እኔን አየችኝ። "አንተ ምን ትገተራለህ? ሩጥና ቶሎ ይቁረጠው በለው።"

ሮጥኩ። ልብስ ሰፊው መተኮሻውን አቀዝቅዞ ቀሚሱን አጥፎ ጨርሷል። "ምን ያስሮጥሃል?" አለኝ። "እናንተ ከበረንዳው ሳትወርዱ ነው የቆረጥኩት።"

ወደ ቤት ስንመለስ ፀሐይ ዞራ ነበር። ትርንጎ ቀሚሱን በወረቀት እንደተጠቀለለ እንደ ሕፃን ታቅፋዋለች። አባቴ ከፊት ይሄዳሉ፤ ትከሻቸው ግን አልሳቀም። እኔ ከሁሉም ኋላ ሆኜ የገብሱን ማሳ አያለሁ። ከጠዋቱ ጋር ያው ማሳ ነው፤ ግን ሳንጠየቅ የገባንበት አገር መሰለኝ።

በጥር ሰርጉ ሆነ። አያ ረዳ ከፍ ካለ ቦታ ተቀምጠው ነበር። ጠጋ ብዬ ልለምናቸው የፈለግኩት ስለዚያ ሙሾ ይቅርታ ነበር፤ እንዴት እንደሚጀመር ጠፋኝ። እርሳቸው ቀደሙኝ።

"ደብተርህን ይዘሃል?"

"ይዣለሁ።"

"ገብረ መድኅን ብለህ ጻፍ። ሰው የማይጽፈው ስም ይጠፋል።"

ጻፍኩ። ሌላ ነገር አልተናገሩም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ባለፈው ዓመት አያ ረዳ አረፉ። ለአርባቸው ተዝካር ከአባቴ ጋር ደሃና ሄድን። ትርንጎ ከሁለት ልጆቿ ጋር ቀድማን እዚያ ነበረች። አባቴ ከሌሎቹ ቄሶች ጋር እንዲጸልዩ የቤቱ ሙታን ስም በወረቀት ይጻፍ ተባለ። ብዕሩን እኔ ያዝኩ፤ የሲሳይ እናት ብርነሽ ነገረችኝ። የአባቷን የክርስትና ስም፣ የአያቷን የካሱን፣ የንጋቱን፣ የእናቷን።

"በአባትሽና በካሱ መካከል ሌላ ሰው አልነበረም?" አልኳት።

"በመካከል ማን ይኖራል? አባቴን የወለደው ካሱ ነው" አለችኝ፤ ቀና ብላ አየችኝ።

እጄ ብዕሩን እንደያዘ ቆየ። የነገረችኝን ብቻ ጽፌ ወረቀቱን ለአባቴ ሰጠሁ።

አባቴ ስሞቹን አንድ በአንድ አነበቡ። ከአያ ረዳ ስም በኋላ ዐይናቸውን ከወረቀቱ አነሡ። ከዚያ በጠራ ድምፅ "ገብረ መድኅን" አሉና ወደ ወረቀቱ ተመልሰው የካሱን ቀጠሉ። ብርነሽ ቀና አለች። ሌላ ማንም ልብ አላለም። ትርንጎ ሰማያዊውን ቀሚስ አይደለም የለበሰችው፤ ያ ካለቀ ቆይቷል፤ ትንሿ ልጅዋ ጭኗ ላይ ተኝታ ነበር።

ማታ ወደ ማደሪያችን ስንመለስ አባቴ እንደ ልማዳቸው ከፊት እየሄዱ፣ ወደ ኋላም ሳይዞሩ፣ "ዛሬ በጻፍከው ውስጥ አንድ ስም ረስተሃል" አሉኝ።

"አዎ አባ፤ ረስቻለሁ" አልኳቸው።

ገብረ መድኅን የሚባል ሰው ኖሮ ያውቅ እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። ቀድሞ ይህ ያስጨንቀኝ ነበር። አሁን ግን አባቴ በቅዳሴ ጊዜ ያን ስም ሲያነሡ ስሰማ፣ ልቤ ትንሽ ያርፋል። በሕይወቴ ካየኋቸውም ካላየኋቸውም ሰዎች ሁሉ ብድሩን ልመልስለት የምፈልገው እርሱ ነው፤ ስለዚህ አብሬ "ነፍስ ይማር" እላለሁ።